ኢያሱ 15ን በእርሳስ፦ የጥንቷን እስራኤል ድንበር ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ልጨርስ ብሎ የተነሣ ሰው የት እንደሚሰናከል ይታወቃል። አንዱ ቦታ ዘሌዋውያን ነው። ሌላው ኢያሱ 13 ነው። ኢያሪኮ ወድቃለች፣ ፀሐይ በገባዖን ቆማለች፣ ልባችን ሞቋል። ከዚያ ድንገት «ዳርቻው ወደ እንዲህ ወጣ፣ ወደ እንዲያ ዞረ» የሚል ነገር ይጀምርና ሰባት ምዕራፍ ሙሉ አይለቅም። እኔም ለዓመታት ዘልዬው ነው የማልፈው።

ያነቃኝ የአባቴ የመሬት ወረቀት ነው። ከአሮጌ ፌስታል የወጣ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት። «በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የአቶ እገሌ ማሳ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ ትልቁ ዋርካ ያዋስነዋል» ይላል። ሜትር የለ፣ ዲግሪ የለ። ሰፈሩን ለሚያውቅ ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። በሳምንቱ ኢያሱ 15ን ስከፍት ያንኑ ወረቀት አገኘሁት። ያ ሁሉ የስም ጋጋታ አዋሳኝ ቆጠራ ነው።

እንግዲህ መመሪያው ከዚህ ይነሣል። የድንበር ምዕራፎችን እንደ ሰነድ እናነባለን። ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ለምን ጉዳይ? ከዚያ በኋላ ነው «ዛሬ ምን ማለት ነው» የሚለው የሚመጣው።

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሁለት ሦስት ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ (ላጲሱ የግድ ነው)፣ ባለቀለም እርሳስ ካለ፣ እና የሳተላይት ምስል የሚያሳይ ካርታ ያለው ስልክ። ሁለት ምሽት ይበቃል። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ቁጥሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የትኛውን ወረቀት እንደያዛችሁ ለዩ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ቀሪውን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ ረጋ በሉ።

ብዙ ሰው «የመጽሐፍ ቅዱስ ድንበር» ሲል አንድ ካርታ ያለ ይመስለዋል። የለም። ቢያንስ ስድስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሥራቸውም ይለያያል።

ዘፍጥረት 15፥18 ተስፋ ነው። ለአብራም ከግብፅ ወንዝ እስከ ኤፍራጥስ ይባላል። ሁለት ጫፍ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በመካከል መስመሩ የት እንደሚያልፍ አይነግረንም። ይህን በካርታ ላይ ቀለም እየቀባ የሚያሳያችሁ ሰው መሐሉን ከራሱ ነው የሞላው።

ዘኍልቍ 34 የርክክብ ሰነድ ነው። አራት ጎን አለው፤ መስመሩ ከተነሣበት ዞሮ ይገጥማል። የሚከበበው ከዮርዳኖስ በስተ ምዕራብ ያለው የከነዓን ምድር ሲሆን ለዘጠኝ ነገድና ለእኩሌታ ነው። ሁለቱ ነገድና እኩሌታው፣ ማለትም ሮቤል፣ ጋድና የምናሴ እኩሌታ፣ ከወንዙ ማዶ ድርሻቸውን ወስደዋል።

ከኢያሱ 13 እስከ 19 ያለው የክፍፍል መዝገብ ነው። ርስቱ ለየነገዱ ይከፈላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ከተማ ይቆጠራል።

1ኛ ነገሥት 4፥21 ደግሞ የግብር ግዛት ነው። ሰሎሞን ከወንዙ እስከ ግብፅ ዳርቻ ገዛ፣ እጅ መንሻ አመጡለት ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ወደ ቁጥር 25 ውረዱ። ይሁዳና እስራኤል ያለ ፍርሃት የተቀመጡት «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» ነው ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ስፋት! የሚገብርላችሁ አገርና የምትኖሩበት አገር አንድ እንዳልሆኑ ጸሐፊው ያውቃል።

«ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» ራሷ የዕለት ንግግር ናት፤ እኛ «ከጫፍ እስከ ጫፍ» እንደምንለው። በቀጥታ ቢለካ ከቴል ዳን እስከ ቴል ቤር ሼቫ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የመጨረሻው ሕዝቅኤል 47 እና 48 ነው። በምርኮ አገር የታየ ራእይ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

በወረቀታችሁ ራስ ላይ ከእነዚህ አንዱን ጻፉ፦ ተስፋ፣ ርክክብ፣ ክፍፍል፣ ግብር፣ የዕለት ንግግር፣ ራእይ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

2. አራት ቃላት ያዙ

«ዳርቻ»። በዕብራይስጡ «ገቡል» ነው። ቃሉ መስመሩንም፣ በመስመሩ ውስጥ ያለውን መሬትም ይጠራል። ስለዚህ «ዳርቻህን አሰፋለሁ» ሲል አገርህን ማለቱ ነው።

«ወንዝ»። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በአማርኛችን ሁለቱም ወንዝ ተብለው ያለፉ፣ በዕብራይስጡ ግን የተለያዩ ቃላት አሉ። «ናሃር» ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ ነው፤ ኤፍራጥስ ናሃር ነው። «ናሐል» በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚደርቅ ሸለቆ ነው። ዘፍጥረት 15 «የግብፅ ናሃር» ሲል፣ ዘኍልቍ 34 «የግብፅ ናሐል» ይላል። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሊቃውንት በሲና ሰሜን ካለው ከዋዲ ኤል አሪሽ ጋር ያያይዙታል። ዓባይ ነው ብሎ መስመሩን ካይሮ ድረስ የሚጎትት ሰው ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ጨመረ ማለት ነው።

«ባሕር»። ምዕራብ ማለትም ነው፤ ምክንያቱም ሜዲትራኒያን በዚያ በኩል ነው። የጥንቱ ዕብራዊ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው የሚቆመው። ቀኙ ደቡብ ይሆናል። «ያሚን» የሚለው ቃል ቀኝም ደቡብም ነው፤ ግዕዙን የሚያውቅ «የማን» የምትለዋን ያስታውሳል።

የመጨረሻው ስም አይደለም፣ ግስ ነው። «ወጣ፣ ወረደ፣ ዞረ፣ አለፈ»። እነዚህ ማስዋቢያ አይደሉም። ድንበሩ በእግር እየሄደ ነው። ጨው ባሕር ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኢየሩሳሌም ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር አካባቢ። «ወጣ» ሲል የምር ዳገት ነው። በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ሰውዬው ወደ ኢያሪኮ «ወረደ» የተባለውም ለዚህ ነው።

3. ዘኍልቍ 34ን ሣሉ

ወረቀታችሁ መሐል ላይ ሦስት ነገር አስቀምጡ። በላይ ትንሽ ክብ፦ የኪኔሬት ባሕር፣ ማለትም የገሊላ ባሕር። በታች ረዘም ያለ ክብ፦ ጨው ባሕር። የሚያገናኛቸው መስመር፦ ዮርዳኖስ። በግራ በኩል ደግሞ ታላቁ ባሕር፣ ሜዲትራኒያን።

አሁን ከጨው ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ተነሡ። ወደ አቅረቢም ዐቀበት ሂዱ። «ዓቅራብ» ጊንጥ መሆኑን ከግዕዝም ከኮከብ ቆጠራም እናውቃለን፤ ዐቀበቱ የጊንጦች ዐቀበት ነው። ከዚያ በጺን ምድረ በዳ በኩል ከቃዴስ በርኔ ደቡብ፣ ከዚያም ወደ ዓጽሞን፣ ከዚያ ወደ ግብፅ ናሐል፣ መውጫው ባሕሩ። ደቡቡ አለቀ። ምዕራቡ ባሕሩ ራሱ ነው፤ በአንድ ቁጥር ያልቃል።

ሰሜኑ ላይ ነው እኔ የተዋረድኩት። «ከታላቁ ባሕር እስከ ሖር ተራራ» ይላል። ሖር ተራራማ አውቃለሁ፣ አሮን የሞተበት አይደል? በኤዶም ዳርቻ፣ ደቡብ። በልበ ሙሉነት እርሳሴን ከላይ ወደ ታች ጎተትኩት። መስመሩ የራሱን ደቡብ አቋርጦ ሄደ፤ አገሪቱ የተቋጠረ ፌስታል መሰለች። አብረውኝ ያጠኑ የነበሩት ሰዎች እስካሁን ያነሡብኛል። ሁለት ሖር ተራራ አለ። የሰሜኑ በሊባኖስ በኩል የሚፈለግ ሌላ ተራራ ነው። ላጲስ የግድ ነው ያልኩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሰሜኑ ሖር ወደ ሐማት መግቢያ። ብዙዎች ይህን በሊባኖስ በቃ ሸለቆ ካለችው ከለብዌ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ ጽዳድ፤ ዛሬ በሶርያ ሰደድ የምትባል ከተማ ስሙን የያዘች ይመስላል። እስከ ሐጸርዔናን ከሄዳችሁ በኋላ ወደ ደቡብ ታጠፉ፣ በሪብላ በኩል ወደ ኪኔሬት ባሕር ምሥራቃዊ ትከሻ፣ በዮርዳኖስ ወርዳችሁ ጨው ባሕር። ገጠመ።

አሁን የሣላችሁትን እዩት። ደማስቆ አካባቢ ውስጥ ገብቷል፣ ከዮርዳኖስ ማዶ ያለው ገለዓድ ግን ውጭ ነው። እስራኤላውያን በታሪካቸው የኖሩበት ገለዓድ ውጭ ሆኖ፣ ብዙም ያልኖሩበት የሊባኖስ ሸለቆ ውስጥ ይሆናል። ለምን? ብዙ ሊቃውንት ይህ ቅርጽ ግብፅ በ14ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ትገዛው የነበረውን የከነዓን ግዛት ይመስላል ይላሉ። ሙሴ ሕዝቡን ሲያዘጋጅ «ከነዓን» ማለት ለሰሚው የታወቀ አገር ነበር ማለት ነው።

4. ስሞቹን በዛሬ ካርታ ፈልጉ

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ስሞችን በግሪኩና በግዕዙ መንገድ ነው የሚጽፋቸው። ስልካችሁ ላይ «ቤትሳሚስ» ብላችሁ ብትፈልጉ ምንም አይመጣም። «ቤት ሼሜሽ» በሉ። አቃሮን ኤክሮን ነው፤ ቦታውን ቴል ሚቅኔ ይሉታል። ቤርሳቤህ ቤር ሼቫ፣ ኬብሮን ሄብሮን፣ ሴሎ ሺሎ ነው። ሴኬምን ናብሉስ ከተማ ዳር ላይ ታገኙታላችሁ። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ደረጃ ያስቃቸው ይሆናል፤ አውቶቡስ ላይ በየቀኑ የሚያነቡት ስም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የዛሬ ከተማ ስሙን ስለያዘ ብቻ በጥንቱ ቦታ ላይ ነው ማለት አይደለም። የጥንቱ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ያለ «ቴል»፣ በፍርስራሽ ላይ ፍርስራሽ የተከመረበት ጉብታ ነው። ብዙዎቹን ስሞች ከአረብ መንደሮች ስም ጋር እያመሳከረ የለየው ኤድዋርድ ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን ጉዞውን የጀመረው በ1838 ነው። ከእሱ በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን በማዳባ፣ በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ የተሠራው የጠጠር ካርታ የነገዶችን ዕጣ በግሪክኛ ጽፎባቸዋል።

5. አንድ መስመር በቅርብ ተከተሉ

ሁሉንም ነገድ ለመሣል አትሞክሩ፤ ትሰለቻላችሁ። አንድ መስመር ይበቃል። እኔ የምመክረው በይሁዳና በብንያም መካከል ያለውን ነው። ኢያሱ 15፥5 እስከ 11 ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጽፏል። ኢያሱ 18፥15 እስከ 19 ላይ ደግሞ ያው መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። ልክ ሁለት ጎረቤታሞች የየራሳቸውን ወረቀት እንደሚያመጡ ማለት ነው። ጎን ለጎን ዘርጉአቸውና አመሳክሩ።

ከዮርዳኖስ አፍ ተነሡ። ቤት ሖግላ፣ ከዚያ የሮቤል ልጅ የቦሀን ድንጋይ። «ቦሀን» በዕብራይስጥ አውራ ጣት ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ይታያችሁ። ከዚያ በአዱሚም ዐቀበት ሽቅብ ውጡ፤ መንገዱ ያ የደጉ ሳምራዊ መንገድ ነው። ዓይንሳሚስ፣ ከዚያ ዓይንሮጌል። ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ። ድንበሩ ከምንጭ ምንጭ ነው የሚዘለው።

ዓይንሮጌል ከኢየሩሳሌም በታች፣ የቄድሮን ሸለቆና የሄኖም ሸለቆ የሚገናኙበት ነው። ዛሬ ስልዋን አካባቢ ያለው ቢር አዩብ የሚባለው ጉድጓድ እንደሆነ በብዙዎች ይታመናል። ድንበሩ ከዚያ በሄኖም ልጅ ሸለቆ ውስጥ ይወጣል። የሸለቆው ስም በዕብራይስጥ «ጌ ሂኖም» ነው። ቀስ ብላችሁ በሉት። ጌ ሂኖም። ገሃነም! ስንማማል የምንጠራው፣ በስብከት የምንሸበርበት ቃል የይሁዳና የብንያም ወሰን ነበር። በኋላ በዚያ ሸለቆ ልጆች በእሳት ስለተሠዉበት ነው ስሙ እንዲያ የጠቆረው።

አሁን ዋናው ነገር። ድንበሩ ከኢያቡሳዊው ከተማ በስተ ደቡብ ነው የሚያልፈው ይላል ጽሑፉ። ያቺ ከተማ ኢየሩሳሌም ናት። ከወሰኑ በሰሜን ቀረች ማለት ነው፤ በ18፥28 ደግሞ ከብንያም ከተሞች ጋር ተቆጥራለች። የዳዊት ከተማ፣ የይሁዳ ነገሥታት መቀመጫ፣ በወረቀት የብንያም ናት። ተጨማሪ አለ። ኢያሱ 15፥63 ኢያቡሳውያንን ማስወጣት ያቃተው ይሁዳ ነው ይላል። መሳፍንት 1፥21 ብንያም ነው ይላል። ድንበር ላይ ያለ ቦታ እንዲህ ነው፤ ማንም የእኔ ነው ይላል፣ ሲከሽፍ ግን ጣት ይቀሳሰራል።

ወደ ምዕራብ ቀጥሉ። የኔፍቶ ውኃ ዛሬ በከተማዋ ምዕራባዊ መግቢያ ሊፍታ የምትባለው ናት። ከዚያ ቂርያትይዓሪም፣ ከአቡ ጎሽ መንደር በላይ ያለው ኮረብታ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ቤትሳሚስ፣ ተምና፣ አቃሮን፣ በመጨረሻም ያብኒኤልና ባሕሩ።

እዚህ ላይ እርሳሱን አስቀምጡና 1ኛ ሳሙኤል 6ን ክፈቱ። ፍልስጥኤማውያን ታቦቱን በሠረገላ ጭነው ሁለት የሚያጠቡ ላሞችን ከአቃሮን ይለቃሉ። ላሞቹ እምቧ እያሉ፣ ግራ ቀኝ ሳይሉ ወደ ቤትሳሚስ ይሄዳሉ። የፍልስጥኤም አለቆችም «እስከ ቤትሳሚስ ዳርቻ ድረስ» ተከተሏቸው። ከዚያ አላለፉም። ለምን እዚያ ቆሙ? መስመሩን በእጃችሁ ሥላችሁታል፤ ወሰኑ ነው። ከቤትሳሚስ በኋላ ታቦቱ ቂርያትይዓሪም ሄዶ ሃያ ዓመት ተቀመጠ። ይህም እዚያው መስመር ላይ ነው። ታቦቱ በኢያሱ 15 የድንበር መንገድ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። አቃሮንማ በ1996 በቁፋሮ በተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ስሟ ተረጋግጧል፤ የንጉሧ የአኪሽ ስምም ተጽፎበታል። ይኸኛው አኪሽ ግን ከዳዊት ዘመኑ አኪሽ (አማርኛው አንኩስ ከሚለው) ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የነበረ ነው፤ እንዳትቀላቅሉ።

6. ያልተሟላውን አትሸፍኑ

ክፍፍሉን ስታነቡ ወረቀትና መሬት የማይገጥሙባቸውን ቦታዎች በቀይ አክብቡ። ኢያሱ 13፥1 «እጅግ ብዙ ምድር ቀርቷል» ይላል። ኢያሱ 21፥43 ምድሩን ሁሉ ሰጣቸው ይላል። መሳፍንት 1 ደግሞ እነ እገሌ አላስወጡም፣ እነ እገሌም አላስወጡም እያለ ይዘረዝራል። ሦስቱንም ጻፉ፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን አትሰርዙ።

ስምዖን የተለየ ወሰን የለውም። የይሁዳ ድርሻ ስለበዛበት ከውስጡ ተቀንሶ ተሰጠው (19፥9)። ዳን በቤትሳሚስ አካባቢ፣ በጾርዓና በኤሽታኦል፣ የሶምሶን ሰፈር ድርሻ አግኝቶ ነበር። አልሆነለትም። ተነሥቶ ወደ ሰሜን ዘለቀ፣ ሌላ ከተማ ያዘና በስሙ ጠራት። «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» የምትለው ዳን ይህች ናት። ለቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1973 የስፋራዲም ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ዘር ናቸው ብለው ወስነዋል።

አከፋፈሉንም ተመልከቱ። በሴሎ ገና ሰባት ነገድ ድርሻ አልያዘም ነበር። ኢያሱ ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰው ላከ፤ ዞረው አገሩን በሰባት ከፍለው በመጽሐፍ ጻፉት፤ ከዚያ ዕጣ ተጣለ። ቀያሹና ዕጣ ጣዩ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ በሉ። የለካው ሰው የትኛው ለእሱ እንደሚደርስ አያውቅም።

የሰለጰዓድን ሴት ልጆችም አትዝለሉ። ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካ፣ ቲርጻ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ሞተና ርስት ይገባናል ብለው በሙሴ ፊት ቆሙ (ዘኍልቍ 27)። በኢያሱ 17 ተሰጣቸው። በ1910 በሰማርያ የተቆፈሩ፣ ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሆኑ የሸክላ ስባሪዎች አሉ። የወይንና የዘይት መዝገብ ናቸው። በእነሱ ላይ ኑዓና ዔግላ የቦታ ስም ሆነው ተጽፈዋል። ደፍረው የጠየቁት ሴቶች ስም ከምናሴ መሬት ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት አልተነቀለም።

7. ከነገድ ወደ ማሳ ውረዱ

እስካሁን ያየነው የአገርና የነገድ ወሰን ነው። ሕጉ ግን የሚቆጣው ለትንሹ ድንበር ነው። ዘዳግም 19፥14 የባልንጀራህን የድንበር ምልክት አትንቀል ይላል። 27፥17 የሚነቅለውን ይረግማል፤ ሕዝቡም ሁሉ አሜን ይበል ይላል። «ድንበር ገፊ» የሚለው ስድብ በባላገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ይህን ለማስረዳት ሰባኪ አያስፈልገውም። ድንጋይ በሌሊት አንድ ክንድ ማንቀሳቀስ ቀላል ነው፤ ምስክር የለም። ለዚህ ነው እርግማኑ የመጣው።

ድንጋዩ ምን ይመስላል ላላችሁ፣ በጌዝር ዙሪያ ከ1874 ጀምሮ ከአሥር በላይ ተገኝተዋል። በዕብራይስጥ «የጌዝር ወሰን» ተብሎ በተፈጥሮ ዐለት ላይ ተቀርጿል፤ አንዳንዱ ላይ የሰው ስም በግሪክኛ ተጨምሮበታል። ዘመናቸው ከኢያሱ በጣም ይዘገያል፤ የቆየው ልማዱ ነው።

እዚህ ጋ አማርኛችን ትልቅ ውለታ ይውልልናል። ተርጓሚዎቹ «ናሐላ» ለሚለው የዕብራይስጥ ቃል «ርስት» ብለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ እስኪሆን ድረስ ርስት የሰው ማንነቱ ነበር፤ ዐፅመ ርስት ይባል የነበረው በከንቱ አይደለም። ልዩነትም አለ። የእኛ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ የእስራኤሉ በአባት ነው፤ የሰለጰዓድ ልጆች ጥያቄ የከበደውም ለዚያ ነው። ናቡቴ ለአክዓብ «የአባቶቼን ርስት አልሰጥም» ሲለው (1ኛ ነገሥት 21) ዋጋ ላይ አይከራከርም። አክዓብ የተሻለ ወይን ወይም ገንዘብ አቅርቦለታል። ናቡቴ ግን የሚሸጥ ነገር ነው ብሎ አያምንም። ዘሌዋውያን 25፥23 ምድሪቱ የእኔ ናትና ለዘላለም አትሸጥ ይላል፤ በ50ኛው ዓመት ኢዮቤልዩ የተሸጠውም ወደ ባለ ርስቱ ይመለሳል።

አንድ መዝሙርም አለ፤ ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን። «ገመድ ባማረ ስፍራ ወደቀችልኝ፤ ርስቴም ተዋበችልኝ»። ገመዱ የቀያሽ ገመድ ነው። አያቶቻችን «ቃላድ ተጣለ» ሲሉ የነበረው ያው ገመድ። ዳዊት እዚህ የሚለው፣ በዕጣ ሲለካ የደረሰኝ ጥግ መልካም ቦታ ሆነልኝ ነው።

8. ወደ ዛሬ ስትመጡ

መጀመሪያ ድንበሩ ዛሬም የሚሠራበትን ቦታ እዩ። ምድሪቱ የምታርፍበት ሰባተኛው ዓመት፣ ሽሚታ፣ የሚጠበቀው በምድረ እስራኤል ወሰን ውስጥ ነው። ስለዚህ ወሰኑ የት ነው የሚለው ለሃይማኖተኛው ገበሬና ለቲማቲም ገዢው የምር ጥያቄ ነው። ረቢዎች ከግብፅ የወጡት የያዙትንና ከባቢሎን የተመለሱት የያዙትን ይለያሉ፤ ሁለተኛው ይጠብባል። በደቡብ ዐራባ የሚበቅል አትክልት በሽሚታ ዓመት ተፈላጊ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። የመጨረሻው ሽሚታ በአይሁድ አቆጣጠር 5782 ነበር፤ ከ2021 መጸው እስከ 2022። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በቤት ሼአን አቅራቢያ በረሖብ የተገኘው የጥንት ምኵራብ ወለል ይህንኑ ወሰን በጠጠር ዘርዝሮ ጽፎታል።

ቀጥሎ ፖለቲካው። የዛሬዎቹ መስመሮች ከዘኍልቍ 34 አልተቀዱም። የ1923 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ስምምነት፣ የ1949 የተኩስ ማቆም ውሎች፣ ከግብፅ ጋር በ1979፣ ከዮርዳኖስ ጋር በ1994 የተፈረሙ የሰላም ውሎች አሉ፤ አሁንም የሚያጨቃጭቅ ብዙ አለ። የዛሬዋ እስራኤል ደቡባዊ ጫፍ ኤይላት ከዘኍልቍ 34 መስመር ውጭ ናት፤ የሊባኖሱ በቃ ሸለቆ ደግሞ ከመስመሩ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ግን መጽሐፉ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ከፈረንሳይ ጋር ሲደራደር «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» ይል ነበር። የዕለት ንግግር የነበረችው ሐረግ የድንበር መለኪያ ሆነች።

ስለዚህ ፌስቡክ ላይ «የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታ» ሲያጋጥማችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ። የትኛው ምዕራፍ ነው? ተስፋ ነው ወይስ ክፍፍል ወይስ ግብር? የግብፅን ወንዝ የት ላይ አድርጎታል? መልስ ከሌለው ሠዓሊው የራሱን ሐሳብ ነው የሣለው።

በእምነት በኩል አማኞች አንድ አይደሉም። ተስፋው ዛሬም ለአይሁድ ሕዝብ እንደቆመ ነው የሚሉ አሉ። በኢያሱ 21 ተፈጽሟል የሚሉ አሉ። አብርሃም የተመኘው ሰማያዊውን አገር ነው የሚለውን ዕብራውያን 11ን ይዘው ምድሪቱን እንደ ጥላ የሚያዩም አሉ። እኔ ማንንም ለማስለወጥ አልጻፍኩም። ግን የትኛውንም ብትይዙ ሦስት ቦታ ሳታነቡ አትሂዱ። ዘዳግም 2 ላይ እስራኤል ከኤዶም የጫማ መርገጫ ያህል እንኳ መሬት እንዳትወስድ ትከለከላለች፤ ለዔሳው ርስት ተሰጥቷልና። ሞዓብም፣ አሞንም እንዲሁ። ድንበሩ እስራኤልንም ያስቆማል። አሞጽ 9፥7 «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ይላል። እኛ በኩራት የምንጠቅሰው ቁጥር ነው፤ ቀጥሎ ግን ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንን ከቂር ያወጣሁ እኔ ነኝ ይላል። ያንን ግማሽ የሚጠቅስ ብዙም አላየሁም።

ሦስተኛው ሕዝቅኤል ነው፤ እሱንም ሣሉት። ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፣ ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። በ48 ላይ ተራራና ምንጭ የለም፤ ከምሥራቅ እስከ ባሕር የሚሄዱ ቀጥ ያሉ ሰቆች ናቸው። ከላይ ሰባት፦ ዳን፣ አሴር፣ ንፍታሌም፣ ምናሴ፣ ኤፍሬም፣ ሮቤል፣ ይሁዳ። መሐል የተቀደሰው ክፍል። ከታች አምስት፦ ብንያም፣ ስምዖን፣ ይሳኮር፣ ዛብሎን፣ ጋድ። ሁሉም ከዮርዳኖስ ወዲህ። ለየነገዱ አንድ አንድ ቀለም ስጡ። ከዚያ 47፥22ን አንብቡ። በመካከላችሁ የሚቀመጡ፣ ልጆችም የወለዱ መጻተኞች ከእናንተ ጋር ርስት ይካፈላሉ ይላል፤ በሚቀመጥበት ነገድ ውስጥ ነው የሚሰጠው። እዚህ ላይ ባለቀለም እርሳስ ሳጥኑን አገላብጣችሁ ለመጻተኛው የሚሆን አሥራ ሦስተኛ ቀለም አትፈልጉ። በዛብሎን ካለ በዛብሎን ቀለም፣ በይሁዳ ካለ በይሁዳ ቀለም ነው የሚገባው።